የመንግሥት፣ የግልና የቤት ውስጥ ትምህርት፦ በሜሪላንድ ሦስቱንም ካየ አባት

ደሴ ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ7 ዓመት ሒሳብ ሳስተምር፣ የራሴን ልጅ የማስተምረው ግን ከደመወዜ ሩቡን እየከፈልኩ በግል ትምህርት ቤት ነበር። ከባልደረቦቼም አቅሙ እያለው ከዚህ የተለየ ያደረገ አላስታውስም፤ ነገሩን እንደ ነውር የቆጠረውም አልነበረም። በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪ ይዘን፣ ግማሹን ጠዋት ግማሹን ከሰዓት በፈረቃ እያስተናገድን የምንሠራውን ሥራ ከማንም በላይ እኛው እናውቀዋለንና። በ2015 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ዲቪ ደርሶን ወደ አሜሪካ ስንመጣ፣ እኔም ባለቤቴም ስለ ትምህርት ቤት የነበረን ሚዛን ያው የደሴው ነበር፤ ገንዘብ ያለው ልጁን የግል ያስተምራል፣ የሌለው ለመንግሥት ይሰጣል። ይህ ሚዛን እዚህ እንደማይሠራ እስኪገባን ድረስ ወደ 20,000 ዶላር ከኪሳችን ወጥቷል፤ መካከለኛው ልጃችን ደግሞ በጊዜው ሊያገኘው ይችል የነበረውን እርዳታ አራት ዓመት ገደማ ዘግይቶ አግኝቷል።

የምንኖረው ሜሪላንድ ስቴት፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ (ካውንቲ የስቴቱ ንዑስ አስተዳደር ነው)፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስንመጣ ትልቋ ልጃችን 9 ዓመቷ፣ ወንዱ ደግሞ 5 ዓመቱ ነበር፤ ትንሿ እዚሁ በ2017 ተወለደች። የትምህርት ሕግ በየስቴቱ ስለሚለያይ፣ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ የሚኖር ወገን ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ እንዳለ ለራሱ እንዳይወስደው አደራ እላለሁ።

ልጆቹን በመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የተጠየቅነው የልደት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ የቤት ኪራይ ውልና የወላጅ መታወቂያ ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ አምጡ ያለን የለም። ኋላ እንደተረዳሁት፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 በሰጠው ውሳኔ ምክንያት የመንግሥት ትምህርት ቤት አንድን ልጅ የመኖሪያ ፈቃድ የለውም ብሎ መመለስ አይችልም። ወረቀታቸው ያላለቀ ወገኖች ልጃቸውን ቤት አስቀምጠው ሲሰጉ ስላየሁ ነው ይህን አስቀድሜ የማነሳው። የሚማሩበትን ትምህርት ቤት የወሰነው እኛ ሳንሆን አድራሻችን ነው፤ ስለዚህ ቤት የሚከራይ ሰው ሳያውቀው ትምህርት ቤትም እየመረጠ ነው። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ ከአንድ ማይል በላይ ስለሆነ ልጆቹን የካውንቲው ቢጫ አውቶቡስ ይወስዳቸዋል። ሁሉም ነጻ ነው ሲሉን፣ ገንዘቡ ከንብረትና ከገቢ ግብር እንደሚወጣ፣ ተከራይም በኪራዩ ውስጥ ድርሻውን እንደሚከፍል አላስተዋልንም ነበር። በነጻ የተሰጠ ነገር ምን ጥራት ይኖረዋል ብለን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጥርጣሬ እናየው ነበር።

የመጀመሪያው ስህተታችን ከዚህ ጥርጣሬ የመጣ ነው። ትልቋ ልጃችን የእንግሊዝኛ ችሎታዋ ተፈትኖ ኢሶል የሚባለው፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ላልሆነ ተማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት እንደሚያስፈልጋት የሚገልጽ ደብዳቤ መጣልን። ባለቤቴም እኔም የ«ሰነፎች ክፍል» መስሎን፣ ወላጅ አልፈልግም የማለት መብት ስላለው፣ አልፈልግም ብለን ፈረምን። ልጅቷ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ክፍል ውስጥ ዝም ብላ ተቀመጠች። ከዚያ አንድ ቀን ማታ የማኅበራዊ ሳይንስ ወረቀቷን ይዛ መጥታ፣ «አባዬ፣ ጥያቄውን ሳልረዳው መልሱን እንዴት ላውቀው እችላለሁ?» አለችኝ። በማግስቱ ሄደን ፊርማችንን አነሳን። በሁለት ዓመት ውስጥ ፈተናውን አልፋ ከኢሶል ወጣች፤ በ2024 ከሁለተኛ ደረጃ ተመረቀች። ስለ እርሷ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገዷ ቀና ነበር።

ወንዱ ግን ሌላ ነው። ሁለተኛ ክፍል እያለ፣ በ2018 የጸደይ ወቅት፣ መምህሩ ለወላጅ ስብሰባ ጠርታን ልጁ በንባብ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ እንደቀረ፣ በቃል የሚጠየቀውን ሁሉ ግን በደንብ እንደሚመልስ ነገረችን። ይህ አለመመጣጠን ስላሳሰባት ትምህርት ቤቱ ምርመራ እንዲያደርግለት ብንስማማ መልካም እንደሆነ በትሕትና ተናገረች። እኔ የሰማሁት «ልጃችሁ ዘገምተኛ ነው» የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ አልወጣም፤ በአገራችን ግን ልጅን ለምርመራ መላክ የሚሰጠውን ስም ሁላችንም እናውቀዋለን። መኪና ውስጥ ከባለቤቴ ጋር የተነጋገርነው፣ መንግሥት ትምህርት ቤት ማስተማር ሲያቅተው ጥፋቱን በልጁ ላይ ያላክካል ብለን ነበር። እኔ ራሴ በመምህርነት ዘመኔ እንዲያ አድርጌ ስለማውቅ፣ ለማመን አልቸገረኝም። ያን በጋ ልጁን በአቅራቢያችን ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት አስመዘገብነው።

የግል ትምህርት ቤቱን መልካም ጎን ሳልናገር ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። በአንድ ክፍል 17 ልጆች ነበሩ። ርእሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ጠርቶ ይቀበላል። ጠዋት ጸሎት አለ፤ ሥነ ምግባር ይጠበቃል፤ ዩኒፎርሙን ሳየው የደሴውን ትምህርት ቤት ያስታውሰኝ ነበር። ስልክ ስደውል የሚያነሳው ሰው ያውቀኛል። ሃይማኖታዊ ትምህርትና ትንሽ ማኅበረሰብ ለልጁ ከሁሉ በላይ ያስፈልገዋል ብሎ የሚያምን ወላጅ፣ አቅሙ ካለው፣ የሚከፍልበት ነገር በእርግጥ አለ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦችም ሜሪላንድ ከ2016 ጀምሮ ቡስት በሚባል ፕሮግራም ለግል ትምህርት ቤት ክፍያ ድጋፍ ትሰጣለችና፣ ስለ እርሱ መጠየቅ ይገባል፤ እኛ የሰማነው ዘግይተን ነው።

የማያስተዋውቁት ጎኑ በሂሳቡ ይጀምራል። በዓመት 8,700 ዶላር ብለው የነገሩን ክፍያ ላይ የመመዝገቢያ፣ የመጽሐፍ፣ የዩኒፎርም፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የማቆያና የገንዘብ ማሰባሰቢያ መዋጮ ተጨመረበት፤ አውቶቡስ ስላልነበረም ጠዋትና ማታ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። የፈረምነው ውል ልጁን በዓመቱ አጋማሽ ብናስወጣው እንኳ የሙሉ ዓመቱን እንድንከፍል ያስገድደናል፤ ያን አንቀጽ ያነበብኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው። ሕጉ የግል ትምህርት ቤት መምህራን የስቴቱን የማስተማር ፈቃድ እንዲይዙ አያስገድድም፤ ይህ ማለት መምህራኑ ደካማ ናቸው ማለት አይደለም፤ እኔ ግን የግል ስለሆነ ብቻ ፈቃዳቸው ከፍ ያለ ነው ብዬ ገምቼ ነበር። ከሁሉ የከበደው ግን በ2020 የካቲት ወር የመጣው ነው። ርእሰ መምህሩ ቢሮው ጠርቶ ሻይ አቀረበልን፤ ልጁን እንደሚወዱት፣ ጠባዩ የተመሰገነ እንደሆነ አንድ በአንድ ነገረን፤ ከዚያም በንባብ የሚያስፈልገውን እገዛ ለመስጠት አቅሙ ስለሌላቸው ለሚቀጥለው ዓመት እንደማያስመዘግቡት ገለጸልን። እንዴት ይሆናል ብዬ ስከራከር ያንኑ ውል አወጣልኝ። በውሉ መሠረት ትክክል ነበር። የግል ትምህርት ቤት ልጁን የሚይዘው በስምምነት ነው፤ ስምምነቱ ሲያበቃ ግዴታውም ያበቃል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን በቀበሌው ያለን ልጅ፣ ቢያነክስም ባያነብም፣ አልችለውም ማለት አይፈቀድለትም። ይህን ልዩነት ከሻዩ ጋር ነው የጠጣሁት።

እዚህ ላይ ለሌሎች ወላጆች አንድ ነገር ልጠቁም። ልጁ በግል ትምህርት ቤት እያለም ቢሆን፣ በፌዴራሉ ሕግ መሠረት የአካባቢው የመንግሥት ትምህርት አስተዳደር ምርመራውን በነጻ የማድረግ ግዴታ ነበረበት። መጠየቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። የግል ትምህርት ቤቱም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅን።

በመጋቢት ወር ወረርሽኙ መጥቶ ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ፤ መኸር ሲመጣም የካውንቲው ትምህርት በኮምፒውተር እንደሚቀጥል ተነገረ። እኔ ታክሲ ስለምነዳ ተሳፋሪ ጠፍቶ ቤት ውያለሁ፤ ባለቤቴ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። አንድ ጎረቤታችን ልጆቿን ቤት ታስተምር ስለነበር እኛም ለምን አንሞክርም ተባባልን። እኔ ደግሞ መምህር አይደለሁ!

በሜሪላንድ የቤት ውስጥ ትምህርት ሕጋዊ ነው፤ ጥብቅነቱም መካከለኛ ነው። ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ ለካውንቲው በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ወላጁ ዲግሪ ወይም የማስተማር ፈቃድ እንዲኖረው አይጠየቅም፤ ቨርጂኒያ ግን በአብዛኛው ቢያንስ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ትጠይቃለች። መሰጠት ያለባቸው ትምህርቶች ስምንት ናቸው፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና የሰውነት ማጎልመሻ። የልጁ ሥራ በማኅደር ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ የካውንቲው ሠራተኛ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊያየው ይችላል፤ ጉድለት ከተገኘ ለማስተካከል 30 ቀን ይሰጣል። መጽሐፍም ሆነ ገንዘብ ከመንግሥት አይሰጥም። በዚህ መንገድ እስከ 12ኛ ክፍል የዘለቀ ልጅ ስቴቱ በቀጥታ ዲፕሎማ አይሰጠውም፤ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ የሚያስገኘውን ጂ ኢ ዲ የሚባለውን ፈተና መውሰድ ወይም ወላጁ ባዘጋጀው የውጤት ማስረጃ ለኮሌጅ ማመልከት ነው ያለው አማራጭ። የእኛ ልጅ አምስተኛ ክፍል ስለነበር ይህ አላሳሰበንም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አፈርኩ። ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ነጭ ሰሌዳ ሰቅዬ፣ ጽሕፈት ጽፌ፣ ገልብጥ አልኩት። የማውቀው ማስተማር ያ ነበር፤ 60 ተማሪን ጸጥ አሰኝቶ ማስገልበጥ። አንድ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያዛጋ ምን እንደሚደረግ ማንም አላስተማረኝም። ቀስ በቀስ ሰሌዳውን ትተን ወደ ምድጃው ዞርን። ክፍልፋይን የተማረው ድፎ ዳቦ ስንጋግር በኩባያ ዱቄት እየሰፈረ ነው፤ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ሁለት ጊዜ ቢሰፈር ከአንድ ኩባያ በአንድ ሦስተኛ እንደሚተርፍ በእጁ አየው፤ ከዚያ ወዲያ አልረሳውም። ማኅደሩን ስንጀምር ለስምንቱ ትምህርቶች ስምንት መለያ ገጽ አደረግንበት፤ የካውንቲዋ ሠራተኛ በቪዲዮ ስታየው ስድስቱ ሞልተው የሙዚቃና የጤናው ባዶ ሆነው ተገኙ። በተሰጠን 30 ቀን ውስጥ በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ሲማር የነበረውን መዝግበን፣ መዝሙሮቹን ዘርዝረን አቀረብን፤ ተቀበለችን። ሴትዮዋ ጥብቅ ግን ቅን ነበረች።

የዚያ ዓመት ትልቁ ግኝት የመጣው ግን ከመርሐ ግብሩ ውጭ ነው። አማርኛ እንዳይረሳ ብዬ ከአገር ያመጣነውን የፊደል ገበታ ከነጩ ሰሌዳ ጎን ሰቅዬው ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እንደ የኔታ በእንጨት እያመለከትኩ አስቆጥረዋለሁ። በሦስት ወር ውስጥ ልጁ «ዶሮዋ ጥሬዋን ለቀመች» የሚለውን፣ ቀስ እያለ ግን ሳይሳሳት አነበበ። በዚያኑ ቀን ከሰዓት የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ስንከፍት፣ «ዞው» (though)፣ «ስሩ» (through) እና «ሶት» (thought) ተብለው የሚነበቡትን ሦስት ቃላት አንዱን ከአንዱ መለየት አቃተው፤ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ያይና ቀሪውን ይገምታል፤ በአንዱ መስመር በትክክል ያነበበውን ቃል በሚቀጥለው መስመር እንደ አዲስ ያየዋል። በጣቱ መስመሩን ይዞ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሎ አየሁት። በአማርኛ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ድምፅ ስላለው ይዘልቀዋል፤ በእንግሊዝኛ ግን ፊደሉና ድምፁ ስለማይጣጣሙ ይጠፋበታል። አምስት ዓመት ሙሉ ስንፍና ያልኩት ነገር ስንፍና እንዳልነበረ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። የሁለተኛ ክፍል መምህሩ ያየችውም ይህንኑ ነበር።

ቤት ማስተማሩ ይህን አሳየን፤ መፍትሔውን ግን ሊሰጠን አልቻለም። እኔ የንባብ ችግር ላለበት ልጅ እንዴት እንደሚያስተምሩት አላውቅም፤ ባለሙያ በግል ስንጠይቅ በሰዓት 90 ዶላር አሉን። ባለቤቴ ከሌሊት ፈረቃ ገብታ ሳትተኛ ሳይንስ ታስተምራለች፤ የእኔም ገቢ በግማሽ ቀንሷል። ልጁም የሚጫወተው ከትንሿ እኅቱ ጋር ብቻ ነበር። ወረርሽኙ ያባባሰው ቢሆንም፣ ቤት ማስተማር የሚፈልግ ሰው ልጁን ከሌሎች ልጆች ጋር የማገናኘቱ ሥራም የራሱ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ቀን ቀን ቤት የሚውል፣ ትዕግሥቱም ያለው ከሆነ፣ ልጁም ጤነኛ አንባቢ ከሆነ፣ መልካም ነገር ሊሆን ይችላል፤ ቤተ መጻሕፍቱ በነጻ ነው፣ ዋሽንግተን ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞችም መግቢያ አያስከፍሉም። ከእኛ ቤት ግን ትዕግሥቱ በመጋቢት አለቀ።

በ2021 መኸር ልጁን ወደ መንግሥት መካከለኛ ደረጃ መለስነው፤ በዚሁ ሳምንት ምርመራ እንዲደረግለት በጽሑፍ ጠየቅሁ። በቃል የተጠየቀ ነገር ይረሳል፤ በጽሑፍ የተጠየቀ ግን ቀን ይቆጠርለታል። ደብዳቤው አምስት መስመር ነው፤ የልጁ ሙሉ ስምና ክፍል፣ በምን እንደሚቸገር፣ የልዩ ትምህርት ምርመራ እንዲደረግለት እንደምጠይቅ፣ በአማርኛ አስተርጓሚ እንደምፈልግ፣ ቀንና ፊርማ። ኮፒውን አስቀርቻለሁ። ፈቃዴን ከፈረምኩ በኋላ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ሰነዶቹም ውጤቱን ከወላጅ ጋር ከሚያዩበት ስብሰባ ቢያንስ 5 የሥራ ቀን አስቀድሞ ለወላጅ መድረስ አለባቸው። ይህ ሁሉ መነሻው በ1975 የወጣው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት የፌዴራል ሕግ ነው።

በስብሰባው ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች። «አባት፣ ይሄ አይ ኢ ፒ የሚሉት በአማርኛ ስም የለውም፤ ግን ለአንድ ልጅ ብቻ የሚጻፍ የትምህርት እቅድ ማለት ነው፤ ከፈረሙበት ትምህርት ቤቱ ሊፈጽመው ይገደዳል» አለችኝ። ከዚያ የተሻለ ትርጉም እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ልጁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ እንዳትቀመጡ፤ ስለ ራሱ ጉድለት ራሱ እንዲተረጉም ማድረግ ይጎዳዋል፤ ትምህርት ቤቱም ወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማነጋገር ግዴታ አለበት።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ገነት ነው እያልኩ አይደለም። በሁለተኛው ዓመት የልዩ ትምህርት መምህሯ ሥራ ለቃ፣ ለልጁ በሳምንት አራት ጊዜ ሊሰጥ የተጻፈው የንባብ ትምህርት ለሰባት ሳምንት ተቋርጦ ነበር፤ ማንም አልነገረንም፤ ያወቅነው ከልጁ ነው። ክፍሉ 30 ተማሪ ይይዛል፤ የማይጠይቅ ወላጅ በቀላሉ ይረሳል። ነገር ግን የተፈረመውን እቅድ ገጽ ቁጥር ጠቅሼ ኢሜይል ስጽፍ፣ የተጓደሉት ሰዓታት በበጋው እንዲካካሱ ተደረገ። የግል ትምህርት ቤቱ ዘንድ የምጠቅሰው ገጽ አልነበረኝም፤ ቤት ሳስተምር ደግሞ የምጽፍለት ሰው ራሴ ነበርኩ።

ትንሿን በ2022 ያለ ምንም ማመንታት እዚያው ሰፈር ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት አስገባናት። ባለቤቴ አሁንም አልፎ አልፎ የግሉን ትምህርት ቤት ጸሎትና ሥርዓት እያነሳች ትናፍቃለች፤ እኔም አልከራከራትም።

በሜሪላንድ ልጁ 14 ዓመት ሲሞላው በራሱ የእቅድ ስብሰባ ላይ ይጋበዛል። የእኛ ልጅ ስምንተኛ ክፍል እያለ፣ በ2024፣ ሸሚዙን በብረት ተኩሶ መጣ። ሰዎቹ ስለ እርሱ ሲነጋገሩ ቆይተው፣ ጨምሮ የሚፈልገው ነገር እንዳለ ጠየቁት። መጽሐፍ በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም ለፈተናም እንዲፈቀድለት፣ ሌሎች ልጆች ፊት ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ እንዳይጠራ ጠየቀ። አስተባባሪዋ ሁለቱንም በኮምፒውተሯ መዘገበች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ በአማርኛ፣ «አባዬ፣ አንተስ የምትጨምረው አለ?» አለኝ። የለኝም አልኩት፤ ፈረምን፤ እርሱ ወደ ክፍሉ፣ እኔም ወደ ታክሲዬ ሄድን።